የቴሌቪዥን ጨዋታ ሽልማት እንዴት ይቀርባል? በድሬዳዋና በሐረር ለሚሠሩ አዘጋጆች

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ለመውሊድ፣ ለአረፋ፣ ለፋሲካ ወይም ለአዲስ ዓመት የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ሲዘጋጅ ሐሳብ ሁሉ የሚያርፈው ጥያቄው፣ አቅራቢውና ሙዚቃው ላይ ነው። ሽልማቱ የሚታወሰው ቀረጻው ሊጀመር ሲል ነው። ለአንዱ ልጅ ወረቀት ይሰጠውና «ለፍሪጁ የሆነ ነገር ጻፍለት» ይባላል። ከዚያ የሚወጣውን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ «እጅግ ዘመናዊ፣ እጅግ ውብ፣ ከታላቁ ስፖንሰራችን የተበረከተ ምርጥ ፍሪጅ!» ካሜራው ሽው ብሎ ያልፈዋል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ፍሪጁ ባለ ስንት በር እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

ይህ ትልቅ ብክነት ነው። ተመልካቹ ከተወዳዳሪው ጋር አብሮ የሚጨነቀው ሊገኝ ወይም ሊታጣ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ሲገባው ነው። ስለዚህ ሽልማቱን መግለጽ እንደ ጥያቄው ሁሉ ዝግጅት ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ነገር ነው፤ በስክሪን የተነገረው እያንዳንዱ ቃል ዕቃው ተሸላሚው ቤት ሲገባ እንደተነገረው መገኘት አለበት።

1. ለአካባቢው ሰው የሚሆን ሽልማት ምረጡ

በእንግሊዝ ከ1981 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ይታይ የነበረ «ቡልስአይ» የሚባል የዳርት ውድድር ነበር። ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ለትልቁ ሽልማት ፈጣን ጀልባ ማቅረቡ ነው። ከባሕር ርቆ የሚኖር ሠራተኛ ጀልባ አሸንፎ የት ያቆመዋል? እስከ ዛሬ ስለ ፕሮግራሙ ሲነሳ ሰዎች ይህንኑ ያነሳሉ።

እኛ ዘንድ ምርጫው ከባድ አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ድሬ ውስጥ ፍሪጅና ማራገቢያ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ከሶፋ የበለጠ ጭብጨባ ያገኛል። ሐረር ላይ መኪና ግርግር ወርዳችሁ የልብስ ሰፊዎቹን ረድፍ ካያችሁ ጥሩ የስፌት መኪና ለአንድ ወጣት እንጀራ እንደሚሆነው ትረዳላችሁ። ባጃጅ ከተገኘ ግን የምሽቱ አውራ እሱ ነው፤ ከእሱ በኋላ ምንም አታስከትሉ።

የእጅ ሥራም አትናቁ። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ በረድፍ የሚሰቀለው የሣር ስፌት ሲታይ ያምራል፤ ከሱቅ ዕቃ በላይ የሚናገርለት ታሪክም አለው። ማን ሰፋው፣ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ በቤቱ ውስጥ የት ይሰቀላል ብላችሁ ሰፊዋን ራሷን ጠይቁና በእሷ ፈቃድ ስሟን ጥቀሱ። የሐረር ቡናም እንዲሁ ነው፤ «ልዩ ቡና» ከማለት «ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ፣ 5 ኪሎ» ማለት ይሻላል።

የቢራ ሳጥን ግን አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልን በብሮድካስት ማስተዋወቅ ከልክሏል። ሽልማት ብሎ ማሳየትም ማስተዋወቅ ስለሚሆን ከዝርዝሩ አውጡት። በአካባቢያችን አብዛኛው ተመልካችም ቢሆን ቤተሰቡን ይዞ ነው የሚያየው።

2. ዕቃውን በዓይናችሁ ሳታዩ አንድ ቃል አትጻፉ

ስፖንሰሩ በስልክ የነገራችሁን ይዛችሁ ስክሪፕት አትጻፉ። መጋዘኑ ድረስ ሂዱና ካርቶኑ ተከፍቶ እዩ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ካርድ አዘጋጁና የሚከተለውን በእጃችሁ መዝግቡ፤ የምርቱ ስም፣ ሞዴሉ፣ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ጋራንቲው ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ አብሮት ያለውና የሌለው። የመጨረሻዋ ነገር ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳ ማንጠልጠያው ጋር ነው ወይስ ያለ እሱ? ፍሪጁ ስታቢላይዘር አለው? ሮቶው መቆሚያ አለው? የሌለው ነገር በቀረጻ ላይ አብሮት ከታየ ሰው የእኔ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ልክም ነው።

አንድ በዓል ላይ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ቃል ገብቶ የነበረ ድርጅት በቀረጻው ጠዋት 32 ኢንች ላከ። ባነሩ ታትሟል፣ ስክሪፕቱ አልቋል፣ ሰዉ አዳራሽ ገብቷል። የስክሪፕት ጸሐፊዋ ካርዱን አውጥታ «32» ብላ ጻፈችበት፤ አስተዋዋቂውም 32 ብሎ አነበበ። ስፖንሰሩ ተቆጣ። እሷ ግን ትክክል ነበረች፤ ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ከካርዱ ጀርባ የግዢ ደረሰኙን ቅጂ አያይዙ። ያለ ደረሰኝ የመጣ ኤሌክትሮኒክስ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ጣጣው ለተሸላሚው ነው የሚተርፈው። ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ ስፖንሰሩ ምንም ያህል ወዳጅ ቢሆን አትቀበሉ።

3. ጽሑፉን ለጆሮ ጻፉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

አንድ የሽልማት መግለጫ አራት ነገር ይዞ ቢወጣ በቂ ነው። መጀመሪያ የዕቃው ስም። ቀጥሎ በዓይነ ሕሊና የሚያሳየው ልክ። ከዚያ በቤት ውስጥ የሚሰጠው ጥቅም። በመጨረሻ የሰጠው ማን እንደሆነ። ቅጽል ከነዚህ ውስጥ የለም። «ውብ»፣ «ዘመናዊ»፣ «አስደናቂ» የሚሉት ቃላት ለፍሪጅም ለምንጣፍም ለድስትም እኩል ስለሚሠሩ ስለ አንዳቸውም ምንም አይነግሩንም።

ሮቶን እንውሰድ። በተለመደው መንገድ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፤

«እነሆ ለቤትዎ እጅግ አስፈላጊ የሆነ፣ ጥራቱን የጠበቀና ዘመናዊ የሆነ የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር ተሸላሚ ሆነዋል!»

አሁን ደግሞ ዕቃውን አይቶ የመጣ ሰው ሲጽፈው፤

«የውሃ ሮቶ! 1,000 ሊትር። 50 ጀሪካን ውሃ በአንዴ ይይዛል። ውሃ በመጣ ቀን ሞልተው፣ በጠፋ ቀን ቧንቧውን ከፍተው ይጠቀማሉ። ከነብረት መቆሚያው፣ ቤትዎ ድረስ ተወስዶ ይተከልልዎታል።»

ሁለተኛው ውስጥ ያለው 50 ጀሪካን ሥራውን ሁሉ ሠርቷል። 1,000 ሊትር ለብዙ ሰው ባዶ ቁጥር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን በጀርባው ያላዘለ፣ በጋሪ ያላስገፋ ማን አለ? አዳራሹ ውስጥ ያሉት እናቶች ሒሳቡን ከአስተዋዋቂው ቀድመው ጨርሰው «አቦ!» ሲሉ ትሰማላችሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ እንዲህ ያለውን የራሱን መለኪያ ፈልጉለት። 43 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፤ አስተዋዋቂው ይህን ሲል አጠገቡ የቆመው ልጅ ክንዱን ዘርግቶ ያሳይ።

ስለ አረፍተ ነገሩ አሠራር አንድ ምክር ልጨምር። መጋረጃው ሲከፈት ሰው ይጮኻል፤ ከጩኸቱ በታች የተነገረ ነገር አይሰማም። ስለዚህ የዕቃው ስም ብቻውን ይውጣ፤ «ባጃጅ!» ከዚያ ዝም። ጭብጨባው ወደ ማለቁ ሲል ዝርዝሩ ይጀመር። «ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚገኘው እርስዎን የሚጠብቀው አዲስ ባጃጅ ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ አስተዋዋቂው «ነው» ላይ ሳይደርስ መጋረጃው ይወርድና ሁለቱ ይጋጫሉ። በአሜሪካ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታየው «ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት» ይህን ዘዴ አጥብቆ ይዞታል። መኪና ሲቀርብ መጀመሪያ የሚወጣው «አዲስ መኪና!» የሚለው ጩኸት ነው፤ የመኪናው ዝርዝር የሚመጣው በሩ ተከፍቶ ሰዉ ካበደ በኋላ ነው።

ከዚያው ፕሮግራም የሚወሰድ ሌላም ነገር አለ። አቅራቢው ከተወዳዳሪው ጋር ይነጋገራል፤ ሽልማቱን የሚገልጸው ሌላ ሰው ነው። ጆኒ ኦልሰን ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1985 እስኪያርፍ ድረስ በድምፁ ይህንን ሲሠራ ኖሯል። እኛ ዘንድ አቅራቢው ጥያቄውንም፣ ቀልዱንም፣ ሽልማቱንም ለብቻው ይሸከምና መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ድምፁ ጥርት ያለ ሁለተኛ ሰው ማይክ ይዞ ከመድረኩ ጎን ይቀመጥ። ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀረጻ ታዩታላችሁ።

ለትንሽ ሽልማት ከ8 እስከ 10 ሰከንድ፣ ለትልቅ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ይበቃል። በስልካችሁ ሰዓት እየያዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ምላስ የሚያደናቅፈውን ቃል ለውጡ እንጂ አስተዋዋቂው እንዲለምደው አትጠብቁ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ድሬ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ፤ ሐረር ላይ ሐረሪም ይጨመራል። ሙሉ መግለጫውን እየተረጎማችሁ ብታነቡ ፕሮግራሙ ይሞታል። የዕቃውን ስምና ዋናውን ቁጥር ብቻ በሌሎቹ ቋንቋዎች ድገሙ፤ ድግግሞሹም ካሜራው ዕቃውን ለሁለተኛ ጊዜ በሚያሳይበት ቅጽበት ላይ ይግባ። ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ያንብበው።

4. መጋረጃ፣ መብራትና ካሜራ

ዕቃው ከካርቶኑ ይውጣ። ካርቶን ተሸልሞ የሚደሰት ሰው የለም። ካርቶኑን ግን አትጣሉት፤ ለመጓጓዣ ትፈልጉታላችሁ።

ነጭ ፍሪጅ በነጭ ግድግዳ ፊት አታቁሙ። ካሜራው ብርሃኑ በዛብኝ ብሎ ምስሉን ያጠቁርና አጠገቡ የቆመው ሰው ፊት ይጨልማል። ከኋላው ደመቅ ያለ ጨርቅ አድርጉ፤ የፍሪጁን በር ከፍታችሁ ውስጡን አሳዩ፣ ፕላስቲኩ ሁሉ ይላጥ። የጠፋ ቴሌቪዥን መስታወት ነው፤ መብራቱንና ካሜራማኑን መልሶ ያሳያል። ወይ ከፍታችሁ ደማቅ ፎቶ አስቀምጡበት፣ ወይ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል አድርጉት። ለስፌት ሥራ ከፊት የሚመጣ መብራት አይሆንም፤ ጥለቱ ሁሉ ድፍን ብሎ ይታያል። መብራቱን ወደ ጎን ውሰዱትና ከቅርብ ቅረጹት፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ጎልቶ ይወጣል።

ባጃጅ ፊት ለፊት ሲታይ ጠባብ፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ድንኳን ይመስላል። ግማሽ ፊቱና ግማሽ ጎኑ እንዲታይ አዙሩት፤ ካሜራውንም ዝቅ አድርጋችሁ በፊት መብራቱ ልክ አቁሙት። አዳራሽ ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ ገፍታችሁ አስገቡት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረው መጋረጃ ነው። አንሶላ ጣል ተደርጎበት በፊት በኩል ሲሳብ ጨርቁ የፍሪጁ እጀታ ላይ ይያዛል፤ ሁለት ሰው ይታገላል፤ አስተዋዋቂው «አዲስ ፍሪጅ!» ብሎ ጨርሶ ዝም ብሏል። ጨርቁ ቀላልና የሚያንሸራትት ይሁን፣ ከኋላ በኩል ገመድ ይታሰርለት፣ የሚስበው ሰው ከካሜራ ውጭ ይቁም። ሰው ከመግባቱ በፊት ደጋግማችሁ ሞክሩት፤ የምትሞክሩትም ከአስተዋዋቂው ድምፅ ጋር ነው።

ሁለት ካሜራ ካለ አንዱ ከተሸላሚው ፊት ለአንድ ሰከንድ እንኳ አይነሳ። ያለው አንድ ካሜራ ወይም አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ የዕቃውን ምስሎች በሙሉ ሰዉ ሳይገባ ቀድማችሁ ቅረጹና በኤዲቲንግ አስገቡት። በሚሰጥበት ሰዓት ካሜራው ሰውየው ላይ ይሁን። ዕቃውን ነገም መቅረጽ ይቻላል። የሰውየውን የመጀመሪያ ድንጋጤ ግን ማንም አይደግመውም።

መብራት ከጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ይኑር። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ቀረጻውን ወደ ማታ ግፉት፤ የስቱዲዮ መብራት በእኩለ ቀን ሙቀት ላይ ሲጨመር ተወዳዳሪውም ሜካፑም አይችለውም።

5. እጅ፣ አጠራርና አክብሮት

ዕቃውን የሚያሳየው ሰው በጣት አይጠቁም፤ መዳፉን ዘርግቶ ያሳይ። ሲያስረክብ በሁለት እጁ፣ ካልሆነም በቀኙ ይስጥ። ሙስሊም ተወዳዳሪዎች ባሉበት መጨባበጥንና መተቃቀፍን የምትወስኑት መድረክ ላይ መሆን የለበትም፤ አስቀድማችሁ በጓዳ ጠይቁ። ብዙዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማመስገን ይመርጣሉ፤ ካሜራም ላይ ያምራል።

ለወጣት «ዋሪያ» እያላችሁ ብትቀልዱ ድሬ ነውና ያስኬዳል። ለአዛውንት ግን «እናታችን»፣ «አባታችን»፣ «እርስዎ»። የተሸላሚውን ችግር አትዘርዝሩ። «እኚህ እናት ቤታቸው ምንም የሌላቸው ናቸው» ብሎ ፍሪጅ መስጠት ሽልማቱን ምጽዋት ያደርገዋል፤ ሴትየዋ ግን ተወዳድረው ነው ያሸነፉት። ዕቃው ተሰጥቶ ሲያበቃ እናትየው መመረቅ ከጀመሩ ደግሞ አታቋርጡ። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉ፤ ምርቃቱ ይሰማ፣ ሰዉም «አሜን» ይበል።

6. ቅደም ተከተልና የተሸነፈው ሰው

ከትንሹ ወደ ትልቁ ሂዱ። ትልቁን ሽልማት መጀመሪያ ላይ ለአፍታ ማሳየት ይቻላል፤ ሙሉው መግለጫ ግን መጨረሻ ላይ ይቆይ።

በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጀመረው «ሌትስ ሜክ ኤ ዲል» ከሦስት በሮች አንዱን ያስመርጣል፤ ከአንዳንዱ በር ጀርባ መሳቂያ የሚሆን የማይረባ ነገር ይወጣል። ቡልስአይም የተሸነፉትን ሊያገኙት ይችሉ የነበረውን ሽልማት ያሳያቸው ነበር። ሁለቱም በአገራቸው ተወደዋል። እኔ ግን ለእኛ አልመክርም። ጎረቤት፣ ዘመድና የዕድር ሰው በሚያይበት ፕሮግራም ላይ ሰውን ባዶ ጣሳ አሸልሞ መሳቅ ቂም ያተርፋል። ለተሸነፈውም ትንሽ ነገር አዘጋጁ፤ ለእሱም እንደ ሌላው የተሟላ መግለጫ ጻፉለት። የቡና ስኒ ስብስብም ቢሆን ስንት ሲኒ እንደሆነ ይነገር።

7. ዋጋ፣ ስፖንሰርና ሕግ

ዋጋ የምትጠሩ ከሆነ ካርዱ ላይ ዋጋው የተጠየቀበትን ቀንና ሱቅ ጻፉ። ዋጋ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ገበያ ቀን የሌለው ዋጋ ምንም ማለት አይደለም። የተጋነነ ዋጋ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል፤ ድሬ ውስጥ የታይዋን ገበያን ዋጋ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ስፖንሰሩ ስሙ ይጠራ፤ ዕቃውን የሰጠው እሱ መሆኑም በግልጽ ይነገር። አንድ ጊዜ በመግለጫው መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ በፕሮግራሙ መዝጊያ ላይ ይበቃል። በየአረፍተ ነገሩ መሃል ከገባ ሰው ጣቢያ ይቀይራል። ስፖንሰሩ ጽፎ የሚልከውን ጽሑፍም እንዳለ አታንብቡ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ «በአገሪቱ ብቸኛው» እና «የማይበላሽ» የሚሉ ቃላት ማስረጃ ካልቀረበባቸው ይሰረዙ።

አሸናፊውን አስቀድሞ መወሰን ፈጽሞ አይታሰብ። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ትዌንቲ ዋን» በተባለው የጥያቄ ፕሮግራም ለተወዳዳሪዎች መልስ ተሰጥቷቸው እንደነበረ ሲጋለጥ አገር ታወከ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። በእኛ ከተማ ሕጉ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። የስፖንሰሩ ዘመድ ከተወዳዳሪዎች መካከል ካለ ከዚያ ዙር ይውጣ።

ሽልማቱ በዕጣ የሚወጣ ከሆነ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ። ግብሩንም አትርሱ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። የእናንተ ሽልማት በምን እንደሚታይና የአሁኑን ልክ ከገቢዎች ቢሮ አጣሩ፤ የሚከፈል ካለ ስፖንሰሩ ይክፈል ወይስ ተሸላሚው የሚለው ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ። ባጃጅ አሸንፎ ግብሩን ለመክፈል የሚበደር ሰው ደስታው አንድ ሳምንት አይሞላም።

8. ርክክብ

ካሜራ ሲጠፋ ሥራው አያልቅም። ለጥሬ ገንዘብ የሚያዘው ትልቁ የካርቶን ቼክ ላይ «ለማሳያ ብቻ» ተብሎ ይጻፍ፤ ገንዘቡ በባንክ የሚገባበት ቀን ለተሸላሚው በወረቀት ይሰጠው። ባጃጅ ከሆነ ሊብሬው በስሙ እስኪዞር ከአዘጋጆቹ አንድ ሰው ተመድቦ ይከታተል። ዕቃውን ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? ድሬ ሳቢያን ሰፈር ለሚኖር ሰው ቀላል ነው፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ በጠባቡ መንገድ ሮቶ የሚያስገባ ግን ቀድሞ መንገዱን አይቶ የመጣ መሆን አለበት።

ዕቃው ቤት ሲደርስ አስተዋዋቂው ያነበበውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ተሸላሚው ፊት አንድ በአንድ እያነበባችሁ አመሳክሩ፤ 1,000 ሊትር፣ መቆሚያ፣ ቧንቧ፣ ተከላ። ሁሉም ከተገኘ በወረቀቱ ግርጌ ይፈርሙ። የጎደለ ካለ እዚያው ጻፉት፤ ስፖንሰሩ የሚያሟላበትን ቀንም ጨምሩ። አንዱ ቅጂ ለተሸላሚው ይሰጥ፣ ሌላው ከደረሰኙ ጋር ፋይል ይግባ፤ ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ስፖንሰር ስታነጋግሩ መጀመሪያ የምታሳዩት እሱን ነው።